ከስድስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ፦ ለ10 ኪሎ ሜትር ውድድር አእምሮን ማሠልጠን

በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ብዙ ሯጮች እጅ የሚሰጡት በስድስተኛውና በስምንተኛው ኪሎ ሜትር መካከል ነው። የመነሻው ሞቅታ አልፏል፣ የመጨረሻው መስመር ገና አይታይም፣ እግር መክበድ ጀምሯል፣ ከፊት ያለው ቡድንም መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ አሥር ሜትር ይርቃል። በዚህ ሰዓት ሯጩ ከራሱ ጋር የሚገጥመው አጭር ሙግት የቀረውን ውድድር ይወስነዋል። ሙግቱ ግን ድንገት የሚከሰት አይደለም፤ በየውድድሩ ከሞላ ጎደል በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ቃላት ስለሚመጣ አስቀድሞ ሊጠና፣ መልሱ ሊዘጋጅና በልምምድ ላይ ሊፈተን ይችላል። የስፖርት ሥነ ልቦና ለሯጭ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም በእኔ ግምት ይኸው ነው።

እንደሚታየው ግን አብዛኛው የአእምሮ ዝግጅት በውድድሩ ዋዜማ በሚሰጥ የማበረታቻ ንግግር ይጠናቀቃል። ንግግሩ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም ክህሎት የሚገኘው በመደጋገም እንጂ አንድ ምሽት በመስማት ስላልሆነ፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ሥራዎች ከውድድሩ ስድስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። መመሪያው በክለብ ታቅፈው ለሚሠለጥኑ ወጣቶችም፣ ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ጥሩ ሰዓት ለማስመዝገብ ለሚዘጋጁ የግል ሯጮችም ያገለግላል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መመዝገብ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም ሳይቀይሩ ይመዝግቡ። ከከባድ ልምምድ በኋላ፣ ልብስ ከመቀየርዎ በፊት ከተቻለ፣ አራት ነገሮችን በደብተር ላይ ያስፍሩ፦ ማቆም ወይም መቀነስ ያማረዎት የት ላይ እንደሆነ፣ በዚያ ቅጽበት ለራስዎ ያሉትን ቃል በቃሉ፣ ሰውነትዎ የት ላይ እንደተጨበጠ፣ እንዲሁም ያደረጉትን። ከዚህ ጎን የድካምዎን ልክ ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ቁጥር ያስቀምጡ። ድካምን በቁጥር የመግለጽን ዘዴ ያስፋፋው ስዊድናዊው ተመራማሪ ጉናር ቦርግ ሲሆን፣ ጥቅሙም ሰዓትና የልብ ምት የማይነግሩትን ነገር መናገሩ ነው።

ስድስት ጊዜ 1000 ሜትር በተሮጠበት የማክሰኞ ልምምድ ላይ እንዲህ ያለ ገጽ ሊጻፍ ይችላል፦ «አራተኛው ላይ፣ 600 ሜትር አካባቢ፣ ‹ዛሬ አልሆነም፣ አምስተኛውን ልተወው› አልኩ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቷል፣ ጣቶቼን ጨብጫለሁ። ድካም 8። ዝም ብዬ ቀጠልኩ፣ በ6 ሰከንድ ዘገየሁ። ስድስተኛው ላይ ድካም 9፣ ሰዓቱ ግን ከሁሉም የተሻለ።» ይህንን ገጽ በጥሞና ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ስድስተኛው ዙር በበለጠ ድካም ውስጥ ፈጥኖ ከተሮጠ፣ በአራተኛው ዙር ላይ የጠፋው ሰከንድ የእግር ጉልበት ስላለቀ አልነበረም፤ ሁለት ዙር ገና እንደሚቀር ማሰቡ ነው ፍጥነቱን የቀነሰው። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ማንም አሠልጣኝ በምክር ሊሰጥዎ አይችልም፤ ከራስዎ ደብተር ብቻ ይገኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ጎን ለጎን አድርገው ሲያነቡ፣ አስቸጋሪዎቹ ሐሳቦች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ቀሪው ሥራ ሁሉ የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

ግብን በእጅ ባለ ነገር ላይ ማሰር

በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ ያሸነፈው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሲሆን፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የገባው በ27 ደቂቃ ከ18.29 ነው። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። ቴርጋት በዚያ ቀን ሊሠራ የሚችለውን ሠርቶ ሁለተኛ ወጣ፤ «አሸንፋለሁ» የሚለው ግብ የተፎካካሪውንም እግር የሚጠይቅ ስለሆነ በሯጩ እጅ ብቻ አይደለም። የታምራት ቶላ ታሪክ ደግሞ የዚሁ ነገር ሌላ ገጽታ ነው። በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ሆኖ ቆይቶ፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት በመውጣቱ ተሰልፎ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ። ይሰለፍ አይሰለፍ የሚለውን የወሰነው ሌላ ነበር፤ ሲጠራ ዝግጁ ሆኖ መገኘቱ ግን የራሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ የሚመኙትን ደረጃና ሰዓት ይጻፉት፣ መመኘት አያስወቅስም፤ ከሥሩ ግን በውድድሩ ወቅት ሊፈጽሙት የሚችሉትን ሁለት ተግባር ያስቀምጡ። «የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከታቀደው ፍጥነት ሳላልፍ እጨርሳለሁ»፣ «ከስድስተኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ላይ ትከሻዬን እፈትሻለሁ» የሚሉት ዓይነት ማለት ነው። በሩጫው መካከል አእምሮ የሚይዘው እነዚህን እንጂ የሽልማቱን ሰሌዳ መሆን የለበትም።

«ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ»

የዚህ መመሪያ ዋና ክፍል ይህ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልቪትዘር በ1990ዎቹ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ አንድን ነገር ለማድረግ ቁርጥ ሐሳብ ካላቸው ሰዎች ይልቅ፣ መቼና በምን ሁኔታ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ያሰቡትን በይበልጥ እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። ምክንያቱም ውሳኔው አስቀድሞ ከአንድ ምልክት ጋር ስለታሰረ፣ ምልክቱ ሲታይ ድርጊቱ ያለ ብዙ ሙግት ይከተላል። ለደከመ ሯጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በድካም ሰዓት የሚጀመር ሙግት ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ለድካሙ በመፍረድ ነውና።

ከደብተርዎ ያወጧቸውን ሁለት ሦስት አስቸጋሪ ሁኔታዎች ወስደው ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ከፊቴ ያለው ቡድን ሲለየኝ፣ ዓይኔን በመጨረሻው ሯጭ ጀርባ ላይ አሳርፌ ለአንድ ደቂቃ ርቀቱ እንዳይሰፋ ብቻ እሮጣለሁ።» «ትከሻዬ ሲወጣ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ አውጥቼ እጆቼን ዝቅ አደርጋለሁ።» «ዳገት ሲጀምር ሰዓቴን አላይም፣ እርምጃዬን አሳጥራለሁ።» ድርጊቱ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሊጀመር የሚችልና የሚታይ መሆን አለበት። «እበረታለሁ» የሚል ዕቅድ አይሠራም፤ መበርታት በእግርም በእጅም የሚጀመር ነገር አይደለም። ከሦስት በላይም አይጻፉ፣ በዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዝርዝር የሚያስታውስ ሰው የለም።

አንድ ዕቅድ ደግሞ ለብልሽት ይተው፤ የጫማ ማሰሪያ ቢፈታ፣ ሰው ቢገፋዎት፣ የእጅ ሰዓትዎ ቢቆም። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የ200 ሜትር የቢራቢሮ ዋና ፍጻሜ የአሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ መነጽር ውኃ ሞላበት፣ መጨረሻውንም ማየት አልቻለም። ግድግዳው ዘንድ የደረሰው የክንዱን ምት እየቆጠረ ነው፤ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽሎም አሸነፈ። ምቱን መቁጠር የቻለው የገንዳው አንድ ርዝመት በስንት ምት እንደሚያልቅ ከልምምድ ስለሚያውቅ ነበር። ለሯጭም የማሰሪያው ዕቅድ እንዲሁ ቀላል ነው፦ ወደ መንገዱ ጠርዝ መውጣት፣ አስሮ መመለስ፣ የጠፋውንም ጊዜ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ለማካካስ አለመሞከር። ብዙዎች የሚጎዱት በማሰሪያው ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚሮጡት እብድ ኪሎ ሜትር ነው።

ዕቅዶቹ የሚለመዱት በድካም ውስጥ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር የልብ ምት ሲያሻቅብ ይጠፋል። ስለዚህ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በእያንዳንዱ ከባድ ልምምድ አንዱን ብቻ ይምረጡና፣ ከልምምድ ጓደኛዎ ጋር ተስማምተው በአራተኛው ዙር ላይ እሱ ሆን ብሎ አምስት ሜትር እንዲቀድምዎ ያድርጉ። ቡድን ሲለይ የሚሰማው ስሜት በሱሉልታ ሜዳም በእንጦጦ ጫካም ሊደገም ይችላል፣ የውድድሩን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም።

ለራስ የሚነገር ቃል

በ2014 በታተመ ጥናት 24 ሰዎች በተወሰነ ከባድ ጭነት እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት እንዲነዱ ከተደረገ በኋላ፣ ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት ለራሳቸው የሚሉትን አበረታች ቃል መርጠው እንዲለማመዱ ተደረገ። የተለማመዱት ቡድን በሁለተኛው ፈተና በአማካይ 18 በመቶ ያህል ረዘም ላለ ጊዜ ነዱ፣ ሌሎቹ ግን ለውጥ አላሳዩም። የሙከራው ተሳታፊዎች ጥቂት መሆናቸውና መሣሪያውም ብስክሌት መሆኑ አይዘነጋ፤ ያም ሆኖ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቃሉ የተመረጠው ከተሳታፊዎቹ ከራሳቸው ነው፣ በልምምድም ተፈትኗል፣ ያልሠራውም ተጥሏል።

ቃሉ አጭር፣ ከትንፋሽና ከእርምጃ ምት ጋር የሚሄድ ይሁን፤ ሥራም ያዝዝ። «ክንድ ዝቅ»፣ «እስከዚያ ምሰሶ»፣ «ዳገቱ ያልቃል» የሚሉት ከ«ጀግና ነህ» ይልቅ ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም በሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጀግንነት የሚያከራክር ጉዳይ ነው፣ ምሰሶው ግን ቆሞ ይታያል። ራስን መዋሸትም አይመከርም፤ «አልደከመኝም» የሚል ሯጭ እግሩ ወዲያው ይመሰክርበታል፣ «ደክሞኛል፣ በዚህ ቦታ ሁሌም ይደክመኛል፣ ቀጥል» የሚል ግን እውነቱን ይዞ ይሄዳል። ራስን «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ ማነጋገር «እኔ» ከማለት የተሻለ ሰዓት ያስገኘበት የ10 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ሙከራም አለ። የመንገድ ዳር ተመልካች «አይዞሽ፣ በርቺ» ሲል ሯጭ የሚነቃቃው ያለ ነገር አይደለም፤ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ግን ያንን ድምፅ ራስዎ መሆን አለብዎት።

ትኩረትን ማንቀሳቀስ

ዊልያም ሞርጋንና ማይክል ፖሎክ በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ የማራቶን ሯጮች ትንፋሻቸውንና የእግራቸውን ሁኔታ እየተከታተሉ ፍጥነታቸውን እንደሚያስተካክሉ፣ ተራ ሯጮች ግን ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር በመውሰድ ድካሙን ለመርሳት እንደሚጥሩ አስተዋሉ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ነገሩን አርመውታል፤ ትንፋሽንና እያንዳንዱን እርምጃ ያለማቋረጥ መከታተል ሩጫውን ይበልጥ ጉልበት በላ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰውነትን በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ላይ ለጥቂት ሰከንድ መፈተሽ፣ ከዚያ ዓይንን ወደ ፊት፣ ወደ ሯጮቹና ወደ መንገዱ መመለስ የተሻለ ነው።

ከባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚገኙ ከተሞች፣ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ፣ ለታላቁ ሩጫ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ወገኖች ይህን በተለየ ሁኔታ ሊያስቡበት ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ትንፋሽ ከለመዱት ቀድሞ ያጥራል፤ ይህም የአየሩ መሳሳት ያመጣው እንጂ የዝግጅት ጉድለት ምልክት አይደለም። የእጅ ሰዓቱን ፍጥነት ትተው በድካም ቁጥር፣ እስከ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ከ7 ሳያልፉ፣ ይሩጡ።

ውድድሩን በሐሳብ መሮጥ

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ የውድድሩን አንድ ክፍል በሐሳብዎ ይሩጡ። ፖል ሆምስና ዴቭ ኮሊንስ በ2001 ባቀረቡት አካሄድ መሠረት፣ ምስሉ ከእውነተኛው ሁኔታ ጋር በተቀራረበ መጠን ይጠቅማል፦ የውድድሩን ጫማ አድርገው፣ ቆመው፣ በራስዎ ዓይን እያዩ፣ በእውነተኛው ፍጥነት። አንድን የዳገት ኪሎ ሜትር በአራት ደቂቃ የሚሮጡት ከሆነ በሐሳብም አራት ደቂቃ ይውሰድ። ከተቻለ መንገዱን ቀድመው በእግር ይዩት፤ ኩርባው የት እንደሆነ፣ ዳገቱ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቅ ምናብ ሌላ ነው።

ብዙዎች በምናባቸው የሚያዩት የመጨረሻውን መስመርና ጭብጨባውን ነው። ደስ ይላል፣ ግን ብዙም አያሠለጥንም። የሚጠቅመው ቡድኑ ሲለይዎት፣ ትከሻዎ ሲወጣ ማየትና ከዚያ የጻፉትን ዕቅድ ሲፈጽሙ መሰማት ነው።

ዋዜማውና ጠዋቱ

እንቅልፍ በዋዜማው ቢያጥርብዎ አይደንግጡ፤ የሳምንቱ እንቅልፍ ነው የሚቆጠረው። በውድድር ቀን አዲስ ምግብም አዲስ ጫማም አይሞከርም። ነገር ግን ብዙዎች የማያስቡት አንድ ጉዳይ አለ። ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 16 ሰዎች ለ90 ደቂቃ አእምሮን የሚያደክም የኮምፒውተር ሥራ ከሠሩ በኋላ እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት ሲነዱ በአማካይ 640 ሰከንድ ቆዩ፤ በሌላ ቀን ግን ፊልም አይተው ሲነዱ 754 ሰከንድ። ልባቸውና ጡንቻቸው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የተሰማቸው ድካም ነው። ስለዚህ የውድድሩ ጠዋት የመሥሪያ ቤት ጉዳይ የሚጨረስበት፣ በስልክ የሚከራከሩበትም ሰዓት አይደለም።

ልብ መምታቱ፣ ሆድ መረበሹ፣ ደጋግሞ ሽንት ቤት መሄዱና ማዛጋቱ የተለመደ ነው፤ ሰውነት ለሥራ ሲሰናዳ የሚያሳየው ነው። ለሁሉም ሰው የሚስማማ አንድ የመረጋጋት ልክም የለም። የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያው ዩሪ ሃኒን እንዳስተማረው አንዱ ሯጭ ጥሩ የሚሮጠው ተረጋግቶ ሲሆን ሌላው ግን ተረብሾ ነው፤ የእርስዎን ለማወቅ የተሻሉትንና የከፉትን ውድድሮች ጠዋት ከደብተርዎ ያነጻጽሩ። አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግርና ከሒሳብ ፈተና በፊት ስሜታቸውን «ጓጉቻለሁ» ብለው የሰየሙት «ተረጋግቻለሁ» ከሚሉት የተሻለ ሠርተዋል። ጥናቱ የስፖርት ባይሆንም በመነሻው መስመር ላይ ሊሞከር የሚገባው ነው። ጭንቀቱ ከልክ ካለፈ አራት እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፤ ለጥቂት ደቂቃ።

በታላቁ ሩጫ መነሻ ላይ ሕዝቡ፣ ሙዚቃውና ጭፈራው የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ያስፈጥናል። ለዚህ የሚሆነው ዕቅድ ቀደም ብሎ ተጽፏል፤ ከሰው እየተጋፉ ቦታ ለመያዝ መጣደፍ በሰባተኛው ኪሎ ሜትር ይከፈላል።

ዕቅድ የማይፈታው

ለብዙ ወጣት አትሌቶቻችን ከባዱ ሐሳብ ስለ ዳገት አይደለም። «ካልቀናኝ ቤተሰቤ ምን ይሆናል» የሚለው ነው። ይህን በአጭር ቃል ማባረር አይቻልም፣ መሞከርም የለበትም። ከውድድር ሳምንት ውጪ በሆነ ቀን ከቤተሰብና ከአሠልጣኝ ጋር ተቀምጦ፣ ያ ውድድር ባይሳካ ቀጣዩ የትኛው እንደሆነና ወጪው እንዴት እንደሚሸፈን መነጋገር ይገባል፤ የተነገረና የተወሰነ ነገር በመነሻ መስመር ላይ ክብደቱ ይቀንሳል። አሠልጣኞችም «እንዳታሳፍረኝ» የሚለውን ቃል ቢተዉት መልካም ነው፤ ለልጁ አንድ ሸክም ከመጨመር በቀር የሚያዝዘው ሥራ የለም።

ለሳምንታት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት፣ ከምግብ መሸሽ፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ ከሚወዱት ሩጫ ምንም ደስታ ማጣት፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲኖር ጉዳዩ የሐኪምና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የቡድን ፍጻሜውን አቋርጣ ወጥታ ለጤናዋ ጊዜ ሰጠች፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ ይዛ ተመልሳለች።

ከውድድሩ በኋላ

በዚያው ቀን፣ ውጤቱ በሰው ወሬ ከመቀባቱ በፊት፣ ደብተሩን ይክፈቱ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣሁ» ሳይሆን «ምልክቱ ሲታይ ዕቅዱን ፈጸምኩት ወይ» ነው። ቡድኑ ሲለይዎ ዓይንዎን በጀርባው ላይ አሳርፈው ለአንድ ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ቢለይዎትም ዕቅዱ ሠርቷል፤ የጎደለው የአቅም ልምምድ ነው፣ ይህንንም ለአሠልጣኝዎ ይነግሩታል። ዕቅዱን ጭራሹን ካላስታወሱት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ወይም በድካም ውስጥ በቂ ጊዜ አልተፈተነም ማለት ነው፤ ያሳጥሩትና ለሚቀጥለው ከባድ ልምምድ ከአራተኛው ዙር በፊት ለልምምድ ጓደኛዎ ጮክ ብለው ይንገሩት።